በጀርባዬ የምተኛበት ምክንያት

መጀመሪያ ይሄን ያዝልኝ፣ እኔ ዛር ነው፣ ቡዳ ነው፣ ጋኔን ነው ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ። መካኒክ ነኝ፣ መርሳ ላይ አስፋልቱ ዳር ጋራዥ አለኝ፣ ሰውዬው መኪናው አልነሳ ሲለው «አይን በልቶብኝ ነው እኮ ሞላ» እያለ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ የተቃጠለውን ፊውዝ አወጣና መዳፉ ላይ አስቀምጥለታለሁ፣ «በል አይኑ ይኸውልህ» እለዋለሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በዚህ ጠባዬ ስትናደድ ኖራ ነው የሞተችው። ስለዚህ አሁን የምነግርህን ስትሰማ ጦርነቱ አናቱን ነክቶት ነው እንዳትል፣ ወይም በል፣ ግድ የለኝም፣ እኔ ራሴ ስንቴ ብዬዋለሁ። ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

ጊዜው ከተማችን የተያዘችበት ጊዜ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወልድያ ተያዘች ተባለ፣ ከዚያ አስፋልቱ ከሰሜን በሚመጣ ሰው ሞላ፣ ፍራሽ የተሸከመው፣ ዶሮ የታቀፈው፣ አህያ የሚነዳው፣ የሲሪንቃም ሰው ነቅሎ ወጣ፣ የከባድ መሣሪያው ድምፅ እኛም ጋ እየቀረበ ሲመጣ ሚስቴን ሙሉን ከእህቷ ጋር በአንድ አይሱዙ ወደ ደሴ ጫንኳቸው። ልጃችን ቢታንያ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም፣ ቢቲ ነው የምንላት፣ እናቷ ጀርባ ላይ ታዝላ ሄደች። እኔ ቀረሁ። ለምን ቀረህ አትበለኝ፣ ሁሉም ይጠይቀኛል፣ ጋራዡ ውስጥ የሰው መኪና ተፈትቶ ነበር፣ ሞተሩ መሬት ላይ ተበትኗል፣ እሱን የትም ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ፣ ሁለት ሦስት ቀን አይቼ እከተላችኋለሁ ብዬ ነው። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ።

ስለ ቢቲ አንድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። ይቺ ልጅ እንቅልፏ ሲመጣ የግራ ጆሮዬን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ማሸት አለባት፣ ሌላ መላ የለም፣ ጡት ቢሏት፣ እሹሩሩ ቢሏት አትተኛም። የእናቷን ጆሮ አትፈልገውም፣ ጉትቻው ይወጋታል። ቀኝ ጆሮዬንም ሰጥቻት አይቻለሁ፣ ትገፋዋለች። ከጋራዥ በግሪስ ተጨማልቄ እገባና ሙሉ «ታጠብ እንጂ ሰውዬ!» እያለች ትጮኻለች፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ጆሮዬ ከተያዘ ተይዟል። አይሱዙው ሊነሳ ሲል፣ ሰው ሁሉ እየተላቀሰ፣ ሙሉ ከላይ ሆና እየሳቀች «ማታ ጆሮህን ከየት ላምጣላት?» አለችኝ። «ቆርጬ ልስጥሽ?» አልኳት። የመጨረሻ ያወራነው ይሄ ነው፣ ከዚያ ስልኩም ጠፋ፣ መብራቱም ጠፋ።

ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና ቲቸር ደምሴ ነን። ቲቸር የቤቱ ባለቤት ናቸው፣ እኔ ተከራያቸው ነኝ፣ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፣ ማለቴ ሊያስተምሩኝ የሞከሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው፣ ጉልበታቸው እሺ ስለማይላቸው የትም አልሄድም ብለው ቀሩ። «ቲቸር፣ አዝዬም ቢሆን ላውጣዎት» ስላቸው «አንተ መጀመሪያ ያንን ሞተር ገጣጥም» አሉኝ።

ያን ጊዜ እንዴት ነበር ብትለኝ ብዙ የምነግርህ የለኝም፣ እውነቴን ነው፣ ደንዝዤ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ትፈራለህ፣ ከባዱ መሣሪያ ሲያጓራ አልጋ ስር ትገባለህ፣ እየቆየ መግባቱንም ትተዋለህ፣ ቆርቆሮው እየተንቀጠቀጠ ቂጣህን ታኝካለህ። ስለ ሙሉና ስለ ቢቲ ማሰብ እንኳ እንደ ጥርስ ሕመም ሆኖብኝ ነበር፣ አለ፣ ግን ትሠራበታለህ፣ ትበላበታለህ። ያልለመድኩት ነገር ቢኖር እንቅልፍ ማጣቱን ነው። ሌሊት በር ይንኳኳል፣ ፍተሻ ነው ይባላል፣ የማን በር እንደሚንኳኳ አታውቅም፣ ስለዚህ ልብሳችንን እንደለበስን ቁጭ ብለን ነበር የሚነጋልን። የምንተኛው ቀን ነው፣ ያውም በተራ፣ አንዱ ሲተኛ አንዱ በሩ ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ምክንያቱም ያን ሰሞን ሰው ሁሉ በእንቅልፉ መጮህ ጀምሮ ነበር፣ አስፋልቱ ደግሞ አጥራችን ስር ነው፣ መሣሪያ የያዘ ሰው ሲያልፍ ከቤት ውስጥ የወንድ ጩኸት ከሰማ ገብቶ ማየቱ አይቀርም።

ተረኛው ደንብ ነበረው፣ ደንቡን ያወጡት ቲቸር ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ከእናታቸው ነው ያገኙት። የተኛው ሰው ማቃሰት ሲጀምር አትጮህበትም፣ ትከሻውን ይዘህ አትነቀንቀውም፣ የእግሩን አውራ ጣት ቆንጠጥ ታደርግና ቀስ ብለህ በክርስትና ስሙ ትጠራዋለህ፣ ዱካክ የተጫነው ሰው በሌላ ስም ቢጠሩት አይሰማም። ትራሱ ስር ደግሞ ብረት ይቀመጣል፣ ዱካክ ብረት አይወድም።

«ቲቸር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«ተምሬ ምን ቀረልኝ? አስቀምጥ ስልህ አስቀምጥ።»

«ብረትማ ሞልቶኛል» አልኩና ለቀልድ ረጅሟን ካቻቢቴዬን፣ የካርቡራተር ብሎን የምፈታባትን፣ ትራሴ ስር ወሸቅኳት።

«በል አሁን የክርስትና ስምህን ንገረኝ።»

«ኧረ ቲቸር! ሊያስደግሙብኝ ነው?»

ሳቁ። እኔ ግን የቀለድኩት ግማሹን ብቻ ነው። የክርስትና ስም በእኛ ዘንድ በየመንገዱ የሚዘራ ነገር አይደለም፣ ክፉ ሰው ካወቀው ያስደግምብሃል ይባላል፣ በድግምት አላምንም፣ ግን እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች፣ መሐላው የእሷ ስለሆነ ጠብቄዋለሁ። የሚያውቁት እሷ፣ የንስሐ አባቴና ሙሉ ናቸው። እናቴ ሞታለች፣ የንስሐ አባቴ ወልድያ ናቸው፣ ሙሉ ደግሞ ስንቆርብ ነው የሰማችው። ለአንተም አልነግርህም፣ ይቅርታ። ቲቸር «እሺ፣ ሞላ እያልኩ ጣትህን እቆነጥጣለሁ፣ ካልነቃህ የራስህ ጉዳይ ነው» አሉኝ፣ በዚሁ ተስማማን።

አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ በቆሎ እየፈለፈልን ሳለ ቲቸር ከመሬት ተነስተው «ሞላ፣ ናይትሜር ምን ማለት ነው?» አሉኝ፣ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለን።

«ቅዠት።»

«ቃሉ ከየት መጣ?»

«ናይት ሌሊት ነው፣ ሜር ደግሞ ባዝራ ናት፣ የሌሊት ባዝራ። እኛ ክፍል ውስጥ ስንማረው ጥቁር ፈረስ ሲጋልብብኝ ነበር የሚታየኝ።»

«ሁሉም ተማሪ እንደዛ ይላል» አሉና ደስ አላቸው፣ ፈገግታቸውን ካየሁ ቆይቼ ነበር። «ከባዝራ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ እንግሊዞች ሜር የሚሏት አንዲት ፍጡር ነበረች፣ ሰው ተኝቶ ሳለ መጥታ ደረቱ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ሰውዬው ነቅቶ ያያል፣ መንቀሳቀስ አይችልም፣ መጮህ አይችልም። ናይትሜር ያኔ የህልም ስም አልነበረም፣ የእሷ የራሷ ስም ነው። ፈረንሳዮቹም ቅዠትን ኮሽማር ሲሉ በቃሉ ጫፍ ላይ አስቀምጠዋታል፣ ጀርመኖቹም ያውቋታል፣ ስዊድኖቹም። እየቆየ ሰዉ እሷን ረሳት፣ ስሟ ግን ቃሉ ውስጥ ቀረ። ዛሬ ልጁ ፈተና ይወድቅና ናይትሜር ነበር ይላል፣ ማንን እንደሚጠራ አያውቅም።»

«ዱካክ ናታ!» አልኩ።

«ዱካክ ናት። እኛ ግን ጨርሰን አልረሳናትም።» ፍሬውን ከሰፌዱ ላይ እፍ እፍ አሉ። «አንድ ያነበብኩት ነገር አለ፣ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አይወጣም። የሰሜን አውሮፓ ገበሬዎች ሜር ሁልጊዜ ጋኔን አይደለችም ይሉ ነበር። አንዳንዷ በሕይወት ያለች ሴት ናት፣ የሰው ሚስት፣ የሰው እህት፣ ትተኛለች፣ ነፍሷ ወጥታ ትሄድና አንድ ሰው ላይ ትቀመጣለች፣ ስትነሳ ሰውነቷ ይዝላል እንጂ ምን ስታደርግ እንደነበር አታውቅም።»

«እና ክፉ ናት ማለት ነው?»

«ክፉ ነሽ ወይ ብሎ ማን ጠየቃት? ከብዳበት ነው እንጂ» አሉኝ።

እኔ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብዬ ሰማሁት። ሰውዬው ማስተማር ናፍቋቸዋል፣ እኔ ደግሞ ጆሮ አለኝ፣ ሌላ ምን ሥራ አለን።

በዚያው ሳምንት የጎረቤታችን የእትዬ ዘሀራ ዘመድ በተራራው ዞሮ በእግሩ ከሐይቅ መጣ። እትዬ ዘሀራ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ።

«ሞላ ልጄ፣ የሙሉን እህት ሐይቅ ትምህርት ቤት ውስጥ አይቷታል፣ ተፈናቃይ ያለበት፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ናት።»

«ሙሉስ? ልጅቷስ?»

«እነሱን አላየሁም ነው የሚለኝ። ሰዉ ብዙ ነው፣ ማን ማንን ያያል፣ አላህ ያውቃል።»

እህቷ ካለች እነሱም አሉ ማለት ነው፣ ወይም የተረፈችው እህቷ ብቻ ናት ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ይሄን ሳገላብጥ ነው የከረምኩት፣ ሌላ ምንም አልፈለግኩም፣ አሉ ወይስ የሉም፣ የሚነግረኝ ሰው ነው ያጣሁት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ነው፣ ቀኑን የማስታውሰው ቲቸር ጠዋት «ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ዘንድሮ ዝክርም የለ» ብለው ስለተከዙ ነው። ከምሳ ሰዓት በኋላ የመተኛቱ ተራ የእኔ ሆነ፣ ገብቼ ወለሉ ላይ በተነጠፈችው ፍራሽ በጀርባዬ ተጋደምኩ፣ ካቻቢቴዋ ትራሴ ስር መኖሯን ነካ አድርጌ አረጋገጥኩ፣ አዎ አላምንም፣ ግን ነካሁ። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ሌሊት መስሎህ እንዳይሆን። በሩ ክፍት ነው፣ ቲቸር ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ፣ ፍሬው ሰፌዱ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። ይሄን ሁሉ የምዘረዝርልህ አለመተኛቴን እንድታውቅልኝ ነው፣ ወይም ተኝቼ መንቃቴን፣ እኔ እንጃ።

መጀመሪያ የሰማሁት የነጠላ ጫማ ድምፅ ነው። ከግቢው በር በኩል ይመጣል፣ አንደኛው እግር ጎተት ይላል። እንግዳ መጣ ብዬ ቲቸር ቀና እንዲሉ ጠበቅኩ፣ አላሉም፣ በቆሏቸውን ይፈለፍላሉ። ድምፁ አለፋቸውና ቤት ውስጥ ሆነ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ሸርተት፣ ጠፍ፣ ሸርተት፣ ጠፍ። ማን ነው ልል ስል አፌ እምቢ አለ። እጄን ላንሳ አልኩ፣ እምቢ። ትራሴ በጣም ትንሽ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ፣ ሰው እጁን ከስሩ ሲያስገባ እንደሚሆነው፣ ከዚያ ካቻቢቴዋ ሲሚንቶው ላይ እየተንከባለለች ስትሄድ ሰማሁ፣ የሃያ ዓመት መሣሪያዬ ናት፣ ድምጿን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ክብደቱ መጣ። በአንዴ አልመጣም፣ መጀመሪያ ሆዴ ላይ፣ ከዚያ ደረቴ ላይ፣ ሰው ተቀምጦ እንደሚደላደል። የጣሪያውን ቆርቆሮ አያለሁ፣ የቲቸርን ጀርባ አያለሁ፣ ደረቴ ላይ ያለውን ግን አላይም። ሽታ አለው፣ እመነኝ፣ ጋኔን ይሸታል የሚሉት ዓይነት አይደለም፣ ብዙ ሰው ተጨናንቆ የሚተኛበት ክፍል፣ እርጥብ ብርድ ልብስ፣ ጭስ ነው የሚሸተው። ትንፋሼ አጠረ። ይገርምሃል፣ አልፈራሁም። ፍርሃቱ እስኪመጣ ጠበቅኩ፣ አልመጣም፣ በሆዴ «መሞት እንዲህ ከሆነ እንግዲህ ይሁን» ነው ያልኩት።

ያኔ ግራ ጆሮዬ ተያዘ።

ሁለት ጣት ነው። ትንንሽ። የጆሮዬን ጫፍ ይዞ ማሸት ጀመረ፣ ጥፍሩ ትንሽ ረዝሟል፣ ይቧጭራል። እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ቆም እላለሁ፣ ታገሰኝ። እንቅልፍ እየወሰዳት ስትሄድ ማሸቱ ይዘገያል፣ ታቆማለች፣ ደግሞ እንደገና ትዝ ይላትና ትጀምራለች፣ ልክ እንደዛ ነበር፣ እየዘገየ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየጀመረ። ትንፋሽ አጥሮኝ ዓይኔ እየጨለመ በሆዴ እንዳትለቂኝ፣ እንዳትለቂኝ እላለሁ።

ከዚያ ስሜ ተጠራ። ሞላ አይደለም፣ ሌላው። የሴት ድምፅ ነው፣ ሹክሹክታም ጩኸትም አይደለም፣ ምሳ ቀርቧል ና ብላ ስትጠራኝ ያለው ድምፅ ነው፣ የሙሉ ድምፅ። አንዴ ብቻ ነው የጠራችኝ። ክብደቱ ተነሳ፣ ጆሮዬ ተለቀቀ፣ እኔም ላብ በላብ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

«ማን ገባ?» አልኩ።

«ማንም አልገባም» አሉ ቲቸር ዞር ሳይሉ።

«ጠርተውኛል?»

«ለምን እጠራሃለሁ? አላቃሰትክም እኮ፣ ዝም ብለህ ነው የተኛኸው።» አሁን ዞሩና ፊቴን ሲያዩ ደነገጡ። «ምን ሆንክ አንተ?»

ትራሴን አነሳሁ፣ ባዶ ነው። ካቻቢቴዋ ደፉ ላይ ነበረች፣ ከበርጩማው ጀርባ። «እርስዎ ነዎት ያወጧት?» ብላቸው «በዚህ ጉልበቴ ጎንበስ ብዬ ትራስህ ስር ልግባ?» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ ከበርጩማ ለመነሳት እንኳ እኔን ነው የሚጠሩት። ምናልባት ራሴ ሳላውቅ ወርውሬያት ይሆናል፣ እሱንም አስቤዋለሁ።

ስለ ክብደቱና ስለ ስሜ ነገርኳቸው። ስለ ጆሮዬ አልነገርኳቸውም። ቲቸር የያዙትን በቆሎ አስቀመጡ።

«የሙሉ ድምፅ ነው ካልክ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ያን ዕለት የነገርኩህ፣ በሕይወት ያለች ሴት...»

«ይተዉት ቲቸር! በእናትዎ ይተዉት!» ብዬ ጮህኩባቸው፣ አስፋልቱ ላይ ሰው ይሰማል እንኳ አላልኩም። በሕይወቴ በእሳቸው ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ የገባኝ ሌላ ነው፣ ሙሉ ሞታለች፣ ቢቲም ሞታለች፣ ሁለቱም ሊሰናበቱኝ መጥተው ነው። ልቅሶ ይመጣል ብዬ ፍራሹ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። እያመመኝ ማልቀስ አቃተኝ፣ ስለዚህ ወጥቼ ከቲቸር አጠገብ ተቀመጥኩና በቆሎ መፈልፈሉን ቀጠልኩ።

ታኅሣሥ ላይ ጦሩ ለቆ ሄደ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ ሰው መመለስ ጀመረ። እኔ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ከደቡብ የሚመጣውን መኪና ሁሉ አያለሁ፣ እየጠበቅኩ አልነበረም፣ ብቻ መቆም ለምዶብኝ ነው። አንድ ከሰዓት ከውርጌሳ በኩል የመጣ አይሱዙ ቆመና ሙሉ ወረደች። በሕይወቷ! የበሩን ብረት ያዝኩ። ከስታለች፣ ግራ እግሯ ቆስሎ ትጎትተዋለች፣ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው። ጀርባዋን አየሁ። ማዘያው የለም።

«ሞላ» አለችኝ።

«ሙሉ» አልኳት፣ ፌስታሏን ተቀበልኳትና ቤት ገባን።

ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ሐይቅ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሕፃናት ተቅማጥ ገባ፣ መድኃኒት የለም፣ ቢቲ ብዙም አልታገለችም፣ መስቀል ሳይደርስ ሞተች፣ እዚያው ከሙሉ እህት ጋር ሆነው ቀበሯት። ከዚያ ወደ ደሴ፣ ደሴም ስትያዝ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሹ። ያለ እንባ ነው የነገረችኝ፣ እኔም ያለ እንባ ነው የሰማኋት። እትዬ ዘሀራ መጥተው ሁለታችንንም አቅፈው ሲያለቅሱ ያባበልናቸው እኛ ነን።

ልብ ብለህ ሰምተኸኝ ከሆነ ደርሰህበታል። ቢቲ የሞተችው ከመስቀል በፊት ነው። ጆሮዬ የተያዘው የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ነው።

ሙሉ ከተመለሰች ሰንበትበት ብሎ፣ ምሳ በልተን ትሪው ሳይነሳ፣ እጇን እያየች «ሞላ፣ እኔ በሌለሁበት ትራስህ ስር ብረት ታስቀምጥ ነበር?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ? ቲቸር ናቸው?»

«ማንም አልነገረኝም። አይቼው ነው።» ድምጿ ስለ ገበያ የምታወራ ነው የሚመስለው። «የጥቅምት ሚካኤል ነበር፣ ሴቶቹ ሊሳለሙ ሄደው እኔ የተጠለልንበት ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ ሸለብ አደረገኝ። እዚህ ቤት ገባሁ። ቲቸር ደጅ ላይ በቆሎ ይፈለፍላሉ፣ እንደምን ዋሉ አልኳቸው፣ አልመለሱልኝም፣ ተቀይመውኛል አልኩ። አንተ በጀርባህ ተኝተሃል። ልጠጋህ ስል አንድ ነገር ይከለክለኛል፣ ብፈልግ ትራስህ ስር ብረት ነው፣ አወጣሁና በሩ ጋ ጣልኩት። ከዚያ ላናግርህ ወጣሁብህ፣ መነሳት አቃተኝ። ከበድኩ፣ ሞላ፣ ራሴን አላውቀውም፣ ከበድኩ። ፊትህ ሲጠቁር አየዋለሁ፣ ልገድለው ነው ብዬ በክርስትና ስምህ ጠራሁህ። ስነቃ ሰውነቴ ዝሎ እስከ ማግስቱ መነሳት አልቻልኩም።»

ቲቸር በቆሎ እየፈለፈሉ ያወሩኝ የአውሮፓ ገበሬዎች ወሬ እቤቴ ትሪ ላይ ቀርቦ ተቀምጧል፣ ያውም እሷ ይሄን ወሬ ሰምታው አታውቅም።

«ምን ልትነግሪኝ ነበር?» አልኳት።

«ልነግርህ አልነበረም፣ ልጠይቅህ ነበር። ቢቲን በእጄ ነው የቀበርኳት፣ ህልሜ ውስጥ ግን ጠፍታብኝ ነው። ብፈልግ፣ ብፈልግ አጣኋት። ምናልባት አባቷ ጋ ሄዳ ይሆናል ብዬ ነው የመጣሁት።»

«አዝለሻት አልነበረም?»

«የለም፣ ባዶዬን ነበርኩ» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «ነበረች እንዴ? አንተ ጋ ነበረች?»

ወዳጄ፣ ምን ልበላት? ነበረች ብላት ልትጽናና ትችላለች፣ ልታብድም ትችላለች፣ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። እሷ ተራራ አቋርጣ ስትፈልጋት አጥታ፣ እዚያው ደረቴ ላይ ተቀምጣ፣ ልጅቷ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ጆሮዬን ይዛ ሳለች አላየቻትም ማለት ነው። ይሄን ለእናት እንዴት ትነግረዋለህ?

«አላየኋትም» አልኳት። ውሸት አይደለም፣ አላየኋትም። ሙሉ ራሷን ነቅነቅ አደረገችና ትሪውን አንስታ ወጣች፣ እኔ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ቲቸርን አንድ ቀን «እነዚያ ገበሬዎች ሕፃን ልጅም ይሄዳል ይሉ ነበር? የሞተ ሕፃን?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ስለ ሕፃን ያነበብኩት የለም፣ ልጄ» አሉኝ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

አሁን መብራቱ መጥቷል፣ ስልኩም ይሠራል፣ ያ የሰውዬው ሞተርም ተገጥሞ ሄዷል። ሌሊትም እንተኛለን። እኔ ግን ከምሳ በኋላ ጋራዡን ለሠራተኛ ትቼ እቤት እገባና እዚያችው ፍራሽ ላይ በጀርባዬ እጋደማለሁ፣ ትራሴ ስር ምንም አላስቀምጥም። በጀርባህ ስትተኛ ዱካክ ይጫንሃል ይሉኛል። እንዲጫነኝ ነዋ! እንዲህ የሚል ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? አንዳንዴ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ መጣች እላለሁ፣ ትንፋሼን ውጬ ግራ ጆሮዬን እጠብቃለሁ። እስካሁን አልመጣችም።

ሙሉ መጀመሪያ ትቆጣኝ ነበር፣ «በጎንህ ተኛ፣ ሰውዬ» ትለኛለች፣ በኋላ ተወችኝ። ባለፈው ሰሞን ሸለብ አድርጎኝ ስነቃ አጠገቤ ተጋድማ አገኘኋት፣ እሷም በጀርባዋ፣ ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን ታያለች። ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራዋለች። ከሰርጋችን ጀምሮ አውልቃቸው የማታውቃቸው ጉትቻዎች ጆሮዋ ላይ የሉም።

«ጉትቻሽ ጠፋብሽ እንዴ?» አልኳት።

«አልጠፋም፣ ሳጥኑ ውስጥ ነው» አለችኝ፣ እኔም አጠገቧ ተመልሼ ተኛሁ።